ማስረጃ አለህ?

ሳይኮሎጂ የምማረው ለሰው ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ መንገድ ላይ ሰው ሁሉ የሚያየኝ እየመሰለኝ ስለምሸማቀቅ ነው። አስተማሪያችን "የሚያስጨንቀን ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ የምናስበው ነው፤ ሐሳባችሁን ማስረጃ ጠይቁት" ይለናል። እናላችሁ በቀደም ልደታ ማርያም አስቀድሼ ስወጣ ክፍል ሊረፍድብኝ ሆነ፤ ጫማዬን በጥድፊያ አጥልቄ ወደ ሜክሲኮ ስገሰግስ ጧፍ ሻጯ አይታኝ ሳቀች። ሁለት ልጃገረዶችም ተጠቃቀሱብኝ። ላብ ላብ ሲለኝ ራሴን "ማስረጃ አለህ?" አልኩት። የለኝም! ደረቴን ነፍቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

ትንሽ እንደሄድኩ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት እያለከለኩ ደርሰው ክንዴን ያዙኝ። "አንተ! ይህን ያህል ስጣራ አትሰማም?" ቱግ ብለዋል። እኔ ደግሞ ሙያዬን የማሳይበት ቀን መጣ አልኩ።

"ይረጋጉ አባቴ፤ የሚያናድድዎት እኮ ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ የሚያስቡት ነው።"

"የማስበውማ ስለ ጫማዬ ነው!" አሉና ወደ ታች ጠቆሙኝ።

በእኔ እግር አንድ ጥቁር፣ አንድ ቡናማ። በእሳቸውም እግር አንድ ጥቁር፣ አንድ ቡናማ። ለካስ ማስረጃው በአራት እግሩ ቆሞ ኖሯል።