የምንተስኖት ቀብር

(ደብረ ብርሃን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአንድ ደብር ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ። ወይዘሮ አልጣሽ ሜልበርን ላይ በመኪና አደጋ የሞተው ልጃቸው ምንተስኖት አገሩ እንዲቀበር ነፍስ አባታቸውን መምሬ ገብረ ኄርን ይማጸናሉ።)

መምሬ፦ አልጽፍም አልኩሽ እኮ! አልጣሽ፣ ስንቴ ነው የምነግርሽ?

አልጣሽ፦ ሦስት መስመር ናት አባ። «መቃብሩ ተዘጋጅቷል፣ ከአባቱ ጎን ይቀበራል» ብቻ ይበሉልኝ። ያቺን ደብዳቤ ካላዩ ሬሳውን ከዚያ አያሳፍሩትም። በረዶ ቤት ከተኛ እኮ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

መምሬ፦ መቃብሩን ማን ከለከለሽ? ችግሩ ይኼ የሞት ማስረጃ ነው። ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?

አልጣሽ፦ ፊደል አልቆጠርኩ፣ በምን ልወቅ?

መምሬ፦ እንግዲያው ላንብብልሽ። «የጋብቻ ሁኔታ፣ ያገባ። የትዳር ጓደኛ፣ ሚልክያስ ታፈሰ።» ሚልክያስ! ይኼን ነው ለሰበካ ጉባኤው የማቀርበው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንዴ «ያገባ» ካለ አለ ነው።

አልጣሽ፦ እኔ እንዴት እንደሞተ ብቻ የሚናገር መስሎኝ ለእድሩ ጸሐፊ ሰጠሁት። እድሩ እንደሆነ ማስረጃ ሳያይ ድንኳን አይተክልም። አንብቦ ሲያበቃ አጥፎ መለሰልኝና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

መምሬ፦ በማግስቱ ከተማው ሁሉ አነበበው።

አልጣሽ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔ ነገሩ የገባኝ ለቅሶ ሊደርሱኝ የመጡ ሴቶች ከአጥሬ በር ሲመለሱ ነው።

መምሬ፦ ታዲያ መላ አለኝ፣ ስሚኝ። ያ ልጅ «በአንድ ቤት የተከራየን ደባሎች ነን እንጂ ሌላ ነገር የለንም» ብሎ ፈርሞ ይላክልኝ። እኔም የደብሩ የቀብር ቅጽ ላይ «ያላገባ» ብዬ እሞላለሁ። ፍትሐቱንም ራሴ አደርሳለሁ።

አልጣሽ፦ ደባል ነኝ ካለ ሬሳውን ማን ያስወጣልኛል? የዚያ አገር ሕግ ሬሳውን የሰጠው ለሱ ነው። እኔ እናቱ ብጮህ የሚሰማኝ የለም። ወረቀቱ እንዳለው ከሆነ ይፈርማል፣ እናንተ ግን አትቀብሩትም። ደባል ከሆነ ትቀብሩታላችሁ፣ ሬሳው ግን አይመጣም። የቱን ልያዝ?

መምሬ፦ የፈረንጅ ሕግ! የዚያ አገር ሕዝብ ይኼን ጋብቻ በፖስታ ድምፅ ሰጥቶ ፈቀደው አሉ። እንዲህ ያለ ነገር በፖስታ ይወሰናል? ጋብቻ ምስጢር ነው አልጣሽ። እኛ አልሠራነውም፣ እኛ አንለውጠውም። መንግሥት መንገዱን ይሥራ፣ ግብሩን ይሰብስብ፣ እሱን ለኛ ይተውልን።

አልጣሽ፦ እኔንስ ቤተ ክርስቲያን ዳረችኝ? በሰማንያ አይደል የኖርኩት? ጥቂት ሽማግሌዎች፣ አንድ ወረቀት፣ አለቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳንቆርብ አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ልጆቻችንን ክርስትና አነሳችሁልን። ሰውዬው ሲሞትም «ሚስቱ ነሽ» ብላችሁ ከሬሳው ራስጌ አስቀመጣችሁኝ። ምስጢር ነው አይደለም ብሎ የጠየቀኝ የለም።

መምሬ፦ ሰማንያ የወንድና የሴት ነው። ጉድለት አለበት፣ ግን ጉድለቱ ይሞላል። «እንቁረብ» ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ በደስታ በተቀበልናችሁ። ይኼኛው በምን ይሞላል?

አልጣሽ፦ ሞቷል እኮ አባ! ከእንግዲህ ምን ይሞላል፣ ምንስ ይጎድላል?

መምሬ፦ የቤቱ ጌታ መሰልኩሽ እንዴ? እኔ በረኛ ነኝ። ያልታዘዝኩትን በር ልከፍት አልችልም። እዚያም ቢሆን እኮ ሕጉ ቄሱን አጋባ ብሎ አያስገድደውም አሉ።

አልጣሽ፦ እኔ መቼ አስገደድኩዎት? ለመንኩ እንጂ። ደግሞ አጋቡልኝ አላልኩም። ቅበሩልኝ ነው ያልኩት።

መምሬ፦ ምንተስኖትን ያጠመቅኩት እኔ ነኝ። ዲያቆን ሆኖ ሲቀድስ ድምፁ እንዴት እንደነበር ትዝ ይልሻል? እኔ የማያመኝ መሰለሽ?

አልጣሽ፦ ካመመዎትማ ይርዱኝ።

መምሬ፦ ይሁን፣ ያ ሚልክያስ እዚያ እንደፈለገው ይፈርም። እዚህ ግን እኔ «ያላገባ» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለት አገር፣ ሁለት ወረቀት።

አልጣሽ፦ ከተማው ሁሉ ካወቀ በኋላ ማንን ለማታለል ነው?

መምሬ፦ ማንንም። ሰው የሚያውቀውን ነገር አላወቅኩም ለማለት ሰበብ ይፈልጋል። ወረቀቱ «ያላገባ» ካለ አልቃሿም «ሳይዳር፣ ሳይኳል» ብላ ታለቅስለታለች። ሰዉም አብሯት ያነባል። እድሩም ድንኳኑን ያወጣል።

አልጣሽ፦ ሳይዳር… እሺ። ሳይዳር ሞተብኝ ብዬ ደረቴን እደቃለሁ። ይጻፉ።

መምሬ፦ አንድ ነገር ቀርቷል።

አልጣሽ፦ ደግሞ ምን?

መምሬ፦ ያ ልጅ እንዳይመጣ።

አልጣሽ፦ ሚልክያስ? እንዴት አድርጌ አትምጣ እለዋለሁ? ሬሳውን የሰጠኝ እኮ እሱ ነው። «እዚሁ ልቀብረው ሕጉ ፈቅዶልኛል፤ ግን እርስዎ ወልደውታልና ይውሰዱት እማማ» አለኝ። ብቻውን አልልከውም፣ ከሬሳው ኋላ ልቁም ብሎ ለመነኝ። ጓደኛው ነኝ እላለሁ፣ አላለቅስም አለ።

መምሬ፦ አላለቅስም አለ?

አልጣሽ፦ «ከሌላው ሰው አብልጬ አላለቅስም» ነው ያለኝ።

መምሬ፦ እግዚአብሔር ያጽናው… አይሆንም አልጣሽ። የሰፈሩ ጎረምሶች ስሙን ያውቁታል። ካዩት በድንጋይ ነው የሚቀበሉት። ሬሳውንም ቢሆን ቆፍረን እናወጣዋለን ያሉ አሉ። እነማን ናቸው ብለሽ አትጠይቂኝ።

አልጣሽ፦ ከአባቱ ጎን? የአባቱን መቃብር ደፍረው?

መምሬ፦ ለዚህ ነው ልጁ አይምጣ የምልሽ። እሱ ከቀረ እነሱም ይበርዳሉ። ቅጥሩን አይረግጥም ብዬ ለሰበካ ጉባኤው ቃሌን ሰጥቻለሁ። አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ።

አልጣሽ፦ የወለድኩትማ ጠፋ አባ። እኔኮ የማወራው ስለ ሬሳው ነው።

መምሬ፦ ክፉ አፌ! ይቅር በዪኝ፣ እንዲያ ማለቴ አይደለም። ይኸው ደብዳቤሽ፣ ይኸው ማኅተሙ። አንቺ ደውለሽ አትምጣ ስትዪው እኔ ማኅተሙን እመታበታለሁ። ልጅሽ ከአባቱ ጎን ይተኛል።

አልጣሽ፦ ማን ይጠብቀዋል?

መምሬ፦ ምኑን?

አልጣሽ፦ መቃብሩን። እኔ አርጅቻለሁ፣ ነገ ዛሬ ሳልል እከተለዋለሁ። ከኔ በኋላ ማን ነው መቃብሩ ላይ የሚቆም? እነዚያ ቆፍረን እናወጣዋለን ያሉት?

መምሬ፦ በሕይወት እስካለሁ እኔ አለሁ።

አልጣሽ፦ ሰባ ስምንት ዓመትዎ ነው አባ። ዛሬ አንድ ልጅ እንኳን ከበር ማስገባት አቅቶዎታል።

መምሬ፦ በዚህ ዕድሜዬ ይኼን ትዪኝ?

አልጣሽ፦ እዚያ ቢቀበርስ? እዚያ ሚልክያስን ከመቃብሩ የሚያባርረው አለ?

መምሬ፦ እዚያማ ማን ያባርረዋል? ሕጉ የሱ ነው። ግን ምን ማለትሽ ነው? ዓይንሽ ዳግመኛ አያየውም እኮ! አፈሩ የባዕድ አፈር ነው። ፍትሐት ያድርሱለት አያድርሱለት እንኳን አናውቅም!

አልጣሽ፦ ዓይኔ ቁጥሩን አይለይም። እባክዎ ይደውሉልኝ።

መምሬ፦ ይኸው፣ እየጠራ ነው። ረጋ ብለሽ ንገሪው። አትምጣ፣ በቃ። ሌላ ነገር አታብዢ።

አልጣሽ፦ ሃሎ፣ ሚልክያስ? አዎ፣ እኔ ነኝ… አላለቅስም፣ ብርድ መትቶኝ ነው። ስማኝ ልጄ። አትምጣ። እሱንም አታምጣው። ባልህን እዚያው ቅበረው።