ጣት ያረፈበት ወረቀት

በ1973 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ የጭነት ባቡር አቃቂ ላይ መንገዱን ዘግቶ ስለቆመ ረሻድና አቶ ጉተማ ሐዲዱ አጠገብ ተገናኙ። ረሻድ ስድስት ዓመት ቡልጋሪያ ተምሮ የተመለሰ፣ በቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ የሚያስተምር ወጣት ነው። አቶ ጉተማ በቀይ ሽብር ልጃቸውን ያጡ የፋብሪካ ዘበኛ ናቸው፤ የሟች ልጃቸውን ሚስት ዳሲቱን ከትምህርት ካስቀሯት ሳምንት ሆኗል።

"ቡልጋሪያ ድረስ የሄድከው ሀ ሁ ለማስቆጠር ነው?" አሉ ሽማግሌው።

"እኔም አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ፣ አባባ። ዳሲቱን ለምን አስቀሯት? ፈተናው ቅዳሜ ነው፤ ካለፈች ፋብሪካው ሊቀጥራት ነው።"

"ኩምሳም እዚያው ይማራላ! ልጄን ጠቁሞ ያስገደለው እሱ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ጉማው፣ የደም ካሳው፣ ሳይወሰን፣ ደም የተቃባ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጥም። እናንተ የተማራችሁት ይህን አታውቁም።"

ረሻድ በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተጻፈው የመሃይምነት ይጥፋ መፈክር ትዝ አለው፤ ሊናገረው አፈረ። ፊደል እንዲህ ያለውን ቁስል ስለ መፈወሱ እሱም እርግጠኛ አልነበረም። የሚያውቀውን ብቻ ተናገረ።

"ኩምሳ በፊርማ ፈንታ ጣቱን ሲያሳርፍ፣ ወረቀቱ የእህል ማከፋፈያ ነው ብለውት ነበር። የልጅዎ ስም እንዳለበት የሰማው ከተገደለ በኋላ ነው። ለመመዝገብ የመጣ ቀን ራሱ ነገረኝ።"

"ይዋሻል!"

"ሊሆን ይችላል። ግን አንቱስ በዚያ ጊዜ ወረቀት ላይ ጣት አላሳረፉም?"

ባቡሩ ተንቀሳቅሶ አለፈ። ሽማግሌው ግን አልተሻገሩም።

"ሁለት ጊዜ" አሉ። "አንዱን የስኳር ነው አሉኝ። ሌላውን አልጠየቅሁም።"

"የማን ስም ነበረበት?"

"እኔ ምኑን አውቄ!"

"ለጉማ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ምንድን ነው?"

"እውነቱን ነዋ።"

"ያላነበበ ሰው እውነቱን ከየት ያመጣል? ትምህርት ዕርቁን አይተካም፣ አባባ። ግን ሰው ካነበበ፣ ጎረቤትን በጎረቤት ጣት ማስገደል እንዲህ ቀላል አይሆንም።"

ቅዳሜ ዳሲቱ በአማቷ ፈቃድ ተፈተነች፤ አልፋም ፈትል ክፍል ገባች። ሰኞ አቶ ጉተማ ራሳቸው ለመማር ወደ ጣቢያው መጥተው ከኩምሳ ርቀው ተቀመጡ። "ጉማው ገና ነው" አሉ።

መማር ያመጣው ጥቅም በመጋቢት ታየ። አንድ የቀበሌ ሰው ወረቀትና ቀለም ይዞ ወደ ጣቢያው መጣና ተማሪዎቹን አሰልፎ "ቶሎ ቶሎ አሳርፉ" አለ። ዱሮ ቢሆን ሰልፉ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር። አቶ ጉተማ ግን ወረቀቱን ተቀብለው ፊደል በፊደል ያነቡ ጀመር።

"ሽማግሌ፣ ሰው ቆሟል እኮ!" አለ የቀበሌው ሰው።

"ይቁም።"

ከኋላ ኩምሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ከሦስት ዓመት ወዲህ አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

"ጮክ ብለው ያንብቡት" አለ፤ "እኛም እንስማ።"

አቶ ጉተማ ዞረው አዩት። ከዚያም እንደገና ከመጀመሪያው መስመር ተነስተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።