ደረጃ የማይወጣበት ግቢ

አናጢው ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጡት ልጃቸው ከተቀበረ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ የሱን ክሊራንስ ሊያስፈርሙ ነው። ለሞተ ሰው ክሊራንስ! ግን ደንብ ደንብ ነውና ቤተ መጻሕፍቱም፣ ምግብ ቤቱም፣ የመኝታ ክፍል ኃላፊውም «በእጁ ንብረት የለም» ብለው ካልፈረሙ የልጁ ሳጥን ከበር አይወጣም ተብለዋል።

ግቢው የትየለሌ ነው። የጠየቁት ተማሪ ሁሉ በእጁ እየጠቆመ ያልፋል። ዞረው ዞረው እዚያው የሕንፃ ደረጃ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደርሱ አንድ ቀጭን ወጣት አዘነላቸውና ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ስሙን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አባባ፣ አባቱ ነዎት? እኔ ከሱ በላይ ባለው አልጋ የምተኛው ነኝ። ‹ፎቅ› ነው የሚሉኝ።»

«ያ በእንቅልፉ የሚለፈልፈው?» አሉ አናጢው። ልጃቸው በስልክ ነግሯቸው ነበር። ወጣቱ ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም።

ከቢሮ ቢሮ እየመራ አስፈረመላቸው። በመጨረሻ ስምንት አልጋ ያለበት ክፍል ገቡ። የልጁ አልጋ ፍራሹ ተነስቶ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። አናጢው በገዛ እጃቸው የሠሩት ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

«እህቱ ዘንድሮ እዚሁ ተመድባለች» አሉ። «አልልካትም። ከእናቷ ጋር ትቀመጥ።»

«አባባ፣ አይቆጡኝና፣ እሷ ምን አጠፋች?»

«ልጄን የበላው ይሄ ግቢ ነው! በየሴሚስተሩ አንደኛ የሚወጣ ልጅ!»

«አንደኛ?»

«አንደኛ። ራሱ ነው የነገረኝ።»

ወጣቱ አቀረቀረ። ዝም ብሎ ቢያልፈው ለሁለቱም በቀለላቸው ነበር።

«አባባ፣ እዚህ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት መቶ ሆነን እንማራለን፤ ውጤታችን በመታወቂያ ቁጥር ይለጠፋል፤ በቃ። አንደኛም፣ መጨረሻም የለም።»

አናጢው የልጃቸውን አንደኝነት ሁለት ዓመት ሙሉ ለሥራ ባልደረባ፣ ለጎረቤት፣ ለደንበኛ ያላወሩለት ሰው አልነበረም።

«ዋሸኝ በለኛ!»

«ስንተኛ ወጣህ ይሉት ነበር። ምን ይበል? የለም ቢልዎት የወደቀ ይመስልዎታል ብሎ ፈራ።» ወጣቱ ወደ ባዶው አልጋ አየ። «ሌላም አለ። ያስለው ነበር፤ እርስዎ በደወሉ ቁጥር ሳሉ ይነሳበታል። ያኔ በዓይኑ ሲጠቅሰን ሰባታችንም አንድ ላይ እንስቃለን። ሳሉ እንዳይሰማዎት ነው።»

ያንን ሳቅ አናጢው ያውቁታል። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው «ስሚ እንጂ፣ ልጅሽ ደልቶታል!» እያሉ ለሚስታቸው ያሰሟት ነበር።

«ሐኪም የለም እንዴ እዚህ?»

«አለ። ለተማሪ በነፃ ነው፣ ከዚህ ሕንፃ ጀርባ። ‹ቢያስተኙኝ ፈተና ያመልጠኛል፤ አባቴን ምን እለዋለሁ› አለ። እኛም በርታ አልነው እንጂ ጎትተን አልወሰድነውም።»

በርታ መልካም ቃል ናት። ክፋቷ፣ የተባለው ሰው «እሺ» ከማለት በቀር መልስ አያገኝላትም። አባትም በርታ፣ ጓደኛም በርታ ሲሉት ልጁ ሳንባው አልቆ ሞተ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ማለትህ ነው?» አሉ አናጢው ብድግ ብለው።

«የሁላችንም ነው። ግቢው ሰፊ ነው አባባ፤ አንድ ተማሪ ቢጎድል አስተማሪው አያውቅም። ለዚህ ነው ቤት ያለ ሰው እውነቱን ማወቅ ያለበት። እህቱን ይላኳት። ግን ስንተኛ ወጣሽ አይበሏት። በልተሻል ወይ፣ ተኝተሻል ወይ፣ ምን ከበደሽ ይበሏት። ሲያማት ከነገረችዎ በጊዜ ትታከማለች። ትምህርት ቢከብዳትም ያንኑ እንደገና መማር አለ፣ የሚያስጠና ጓደኛ አለ። ከተደበቀ ግን ለአንዱም አይደረስለትም።»

«ወደቅኩ ብላ ብትነግረኝስ?»

«ከነገረችዎ እኮ በሕይወት አለች ማለት ነው።»

አናጢው መልሰው ተቀመጡ። በቀብሩ ዕለት በሰው ፊት ያልወጣው እንባ አሁን ወረደ። ወጣቱም አልከለከላቸውም። ሲወጣላቸው ስልካቸውን አውጥተው ለሴት ልጃቸው ደወሉ።

«ልብስሽን አዘጋጂ፤ ትሄጃለሽ።»

ልጅቷ ግን «አባዬ፣ እንደሱ አንደኛ ባልወጣስ?» አለች።

«እዚህ አንደኛ የለም፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሲያምሽ ንገሪኝ፣ ሲከፋሽ ንገሪኝ። አልቆጣሽም።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። በፊት ቢሆን በቃ ዝም በይ ይሉ ነበር፤ ዛሬ አልቅሳ እስክትጨርስ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው ጠበቁ።

ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ አባባ።»

አፍታም ሳይቆይ ነው የመለሰው። አናጢው ዓይን ዓይኑን አዩት። ወጣቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እሱ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለት ትምህርት ወድቄያለሁ። እናቴ ስትደውል አላነሳም።»

ሰውን ሲመክር የቆየ ልጅ ለራሱ ምክር አጥቶ ነበር። አናጢው ስልካቸውን ዘረጉለት።

«ቁጥሯን ምታ። እኔ እዚሁ አለሁ።»

ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ። የእናትየው ድምፅ ከጆሮው አልፎ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል፤ «ማን ልበል?» ትላለች። «እኔ ነኝ» ሲላት፣ «ልጄ፣ አንተ ነህ? ደህና ነህ?» አለች። ወጣቱ የለመደውን ሊመልስ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አናጢው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ።

«አይደለሁም እማዬ» አለ።