አሥር ሰው ሲሞላ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ናርዶስ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ባዶ ጀልባው ውስጥ ከተቀመጠው ከጀልባ ነጂው ከጋሽ ይስማው ጋር መከራከር ከጀመረች አንድ ሰዓት አልፏታል።

ናርዶስ፦ አምስት ደቂቃ ብቻ ጋሼ! በማርያም! አምስት!

ይስማው፦ አምስት ደቂቃሽ አንድ ሰዓት ሞላው እኮ። ስምንት ሰዓት ላይ «አሥር ነን፣ እየደረሱ ነው» አልሽኝ። የታሉ?

ናርዶስ፦ መንገድ ላይ ናቸው። ባጃጅ አጥተው ይሆናላ! እሑድ አይደል?

ይስማው፦ ያውልሽ ማዶ ባጃጁ ተደርድሮ። ሹፌሮቹ ሥራ አጥተው ካርታ ይጫወታሉ።

ናርዶስ፦ እሱ እዚህ ነው። እነሱ ሰፈር የለም ማለቴ ነው።

ይስማው፦ ሁሉም አንድ ሰፈር ናቸው?

ናርዶስ፦ ቆይ ቆይ ጋሼ፣ እስኪመጡ ንግግሬን ልለማመድብዎት? የማስጎበኛቸው እኔ ነኝ እኮ! የትምህርት ቤታችን የቱሪዝም ክበብ ነን። ይስሙኝማ፣ ሲያልቅ ይነግሩኛል። እህም። «ክቡራን እንግዶቻችን!»

ይስማው፦ ያለሁት አንድ ክቡር ነኝ። ቀጥዪ።

ናርዶስ፦ «ይኸው ፊት ለፊታችሁ፣ ወይኔ ሲያምር፣ ሐይቁ ወንዝ የሚሆንበት ቦታ ነው! ጣና እዚህ ያበቃል፣ ዓባይ እዚህ ይጀምራል! ያ አረንጓዴው ደንገል ነው፣ ታንኳ የሚሠራበት። ደንገሉ ውስጥ ደግሞ ጉማሬዎቹ፣ ጆሯቸውን ብቻ ብቅ አድርገው፣ ልክ የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ አስተማሪ እንዳያየው እንደሚያደርገው! ከዚያ ድልድዩ! አንድ እንዳይመስላችሁ፣ ሁለት ነው! አሮጌው ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ፤ አዲሱ ሰፊ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት፣ ማታ መብራቱ ውኃው ላይ ሲወድቅማ አትጠይቁኝ! ከማዶ ቤዛዊት ኮረብታ፣ አናቱ ላይ የንጉሡ ቤተ መንግሥት! አሁን በድልድዩ ሥር ልናልፍ ነው፤ ሁላችሁም ቀና በሉ!»

ይስማው፦ በድልድዩ ሥር አናልፍም።

ናርዶስ፦ እንዴ! ለምን?

ይስማው፦ እኔ የምዞረው ደንገሉ ጋ ነው። ድልድዩን ከሩቅ አሳይቼ እመለሳለሁ።

ናርዶስ፦ ንግግሬ ላይ ግን በሥሩ ነው የምናልፈው!

ይስማው፦ እንግዲያው ንግግርሽ በዋና ይለፍ። ደግሞ የረሳሽው አለ። ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ነው የሚወጣው፤ አባቴ በጣቱ እያሳየ መንገዱን ይነግረኝ ነበር።

ናርዶስ፦ ውይ! እውነት ይታያል?

ይስማው፦ ለአባቴ ይታየው ነበር። ለእኔ ውኃ ነው። አንቺ ይኼን ሁሉ ከየት ለቀምሽው?

ናርዶስ፦ ግማሹን ከመጽሐፍ። ግማሹን ድልድዩ ላይ ቆሜ ነው የጻፍኩት። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሁልጊዜ እዚያ ነኝ።

ይስማው፦ ከእነዚህ ከጓደኞችሽ ጋር?

ናርዶስ፦ አይ፣ ያው… ለጥናት ስለሆነ ብቻዬን ይሻለኛል። ግን ድልድዩ ላይ ስንት ሰው አለ መሰለዎት! ባለፈው ደግሞ ሙሽራ መጣች፣ ከነቬሎዋ፣ ከነሚዜዎቿ! እና አናገረችኝ!

ይስማው፦ ምን አለችሽ?

ናርዶስ፦ «እህቴ፣ ፎቶው ውስጥ ገባሽ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልን» አለችኝ። እህቴ አለችኝ እኮ ጋሼ! እንዴት ታምር ነበር!

ይስማው፦ እህ። በይ፣ ነፋሱ ሳይነሳ የስም ዝርዝሩን አምጪ። ተሳፋሪ መዝገቤ ላይ ካልሰፈረ ገመዴን አልፈታም።

ናርዶስ፦ እነሱ ሲመጡ ራሳቸው…

ይስማው፦ ደብተርሽ ውስጥ አለ ብለሽኝ የለ? አምጪው።

ናርዶስ፦ ይኸው።

ይስማው፦ መነጽሬን… እሺ። ሐመልማል። ኤልሻዳይ። ቢኒያም። ፌቨን። ጎበዝ፣ አስፈርመሻቸዋል ደግሞ። አንቺ ልጅ?

ናርዶስ፦ አቤት።

ይስማው፦ የኤልሻዳይ ፊርማ መጨረሻው ላይ ልብ አለው።

ናርዶስ፦ እሷ እንደዚያ ነው የምትፈርመው። ቆንጆ ናት።

ይስማው፦ የፌቨንም ልብ አለው። የሐመልማልም። ቢኒያምስ? ቢኒያምም ልብ ነው የሚሥለው?

ናርዶስ፦ ደብተሬን ይመልሱልኝ ጋሼ።

ይስማው፦ ናርዶስ ነው ያልሽኝ ስምሽን? ስንቱ ነው የሚመጣው?

ናርዶስ፦ ጋሼ…

ይስማው፦ ስንቱ?

ናርዶስ፦ ማንም።

ይስማው፦ እምቢ አሉሽ?

ናርዶስ፦ አልጠየቅኳቸውም።

ይስማው፦ ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ስትመጪ ተራው የማን ነበር?

ናርዶስ፦ የእርስዎ።

ይስማው፦ ስድስት ሰዎች መጡ፣ ከሞጣ። አሮጊት ይዘው። ጉማሬ አሳየን አሉኝ። «ተይዟል፣ አሥር ተማሪ አለኝ» ብዬ መለስኳቸው። ከእኔ ቀጥሎ ተራ የያዘው ባለጀልባ ደምለው ጭኗቸው ሄደ፣ እጁን እያውለበለበልኝ! ተራዬም አብሮ ሄደ። አንቺ ደግሞ እዚህ ቆመሽ «ቢኒያም ባጃጅ አጣ» ትይኛለሽ!

ናርዶስ፦ ይቅርታ። በእግዚአብሔር ይቅርታ። ጀልባው አሥር ሰው ይይዛል ሲባል ሰምቼ፣ ዝርዝሩ ከሞላ የሚነሳ መስሎኝ ነው እኮ! አሥር ስም ካለ ሰዓቱ ሲደርስ ዝም ብለው የሚነሱ መስሎኝ… እኔ ውስጥ ቁጭ እላለሁ፣ ሌሎቹን «ቀሩ» እላለሁ፣ አለቀ። ሰው ይመልሳሉ ብዬ አላሰብኩም።

ይስማው፦ ጀልባ በስም አይሞላም። በሰው ነው።

ናርዶስ፦ አወቅኩ።

ይስማው፦ ለምን አልጠየቅሻቸውም? የክበብ ልጆች አይደላችሁ?

ናርዶስ፦ ክበቡ ውስጥ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ እንጂ… ከደሴ ከመጣን አራት ወራችን ነው። እናቴ ነርስ ናት፣ እሑድም ተረኛ ናት። ክፍል ውስጥ ሁሉም ከኬጂ ጀምሮ ነው የሚተዋወቁት፤ ቀልዳቸው ራሱ የድሮ ነው፣ አንዱ «ዳቦው!» ሲል ሁሉም ይስቃል፣ እኔ ዘግይቼ እስቃለሁ። ብጠይቃቸው እና «እስቲ እናያለን» ቢሉኝስ? «እምቢ» ሳይሆን «እስቲ እናያለን»! ስማቸውን ጽፌ ሳየው ግን ጋሼ፣ ሙሉ ገጽ! ደስ አለኝ። አብረውኝ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ ፊርማ ጨመርኩበት።

ይስማው፦ ከነልቡ።

ናርዶስ፦ ከነልቡ። ጋሼ፣ ተራዎት ካለፈ… እኔን ብቻ ቢወስዱኝስ? ለእርስዎ አስጎበኛለሁ! አሁን ክቡር ነኝ ብለው የለ?

ይስማው፦ እኔ እንግዳ አይደለሁም፣ ነጂ ነኝ። ነጂ ከኋላ ሞተሩ ጋ ነው የሚቀመጠው። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ወደዚያ ድልድይ ስወስድ የማየው የሰው ጀርባ ነው። ሁሉም «ውይ ሲያምር» ይላል፣ ማንም ዞር ብሎ ለእኔ አይልም። አንቺም ፊት ተቀምጠሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ለማን ነው የምትናገሪው? ለውኃው?

ናርዶስ፦ ለምጄዋለሁ። ድልድዩ ላይም ለውኃው ነው የምናገረው።

ይስማው፦ እኔ ግን ለዚያ ገመድ አልፈታም። ስልክ አለሽ?

ናርዶስ፦ አለኝ። ለምን?

ይስማው፦ ከእነዚህ ውስጥ የማንኛቸው ቁጥር አለሽ?

ናርዶስ፦ የሁሉም! የክፍሉ ቴሌግራም ላይ አለ… ጋሼ፣ አይሆንም!

ይስማው፦ አንድ ሰው። አንድ እውነተኛ ሰው ጥሪ፣ በሁለት ሰው እነሳለሁ። ተራዬ እንደሆነ ሄዷል፤ ቤት ብገባ በሩን የምከፍተው ራሴ፣ የምዘጋው ራሴ። ከእነዚህ ማን ነው ደህና የሚያናግርሽ?

ናርዶስ፦ ሐመልማል። ከኋላዬ ነው የምትቀመጠው። አንድ ቀን «ፀጉርሽ ሲያምር፣ ማን ሠራሽ?» አለችኝ!

ይስማው፦ መቼ?

ናርዶስ፦ ኅዳር ሲገባ።

ይስማው፦ አሁን ጥር እያለቀ ነው።

ናርዶስ፦ አውቃለሁ! ከዚያ ወዲህ ሁለቴ እንደዚያው ተሠራሁ፣ ምንም አላለችም። ጋሼ፣ ነገ ክፍል ውስጥ ብጠይቃትስ?

ይስማው፦ ነፋሱ እየተነሳ ነው። ደውይ።

ናርዶስ፦ ባታነሳስ?

ይስማው፦ ባታነሳ ዛሬ አልወጣንም፣ አለቀ። ደውይ።

ናርዶስ፦ እየጠራ ነው… ወይኔ፣ አነሳች! ሄሎ? ሐመልማል? ደህና ነሽ? ናርዶስ ነኝ። … ናርዶስ። … አይ፣ እሷ ፌቨን ናት። እኔ ከፊትሽ የምቀመጠው… አዲሷ። … አዎ! አዎ፣ የደሴዋ! ስሚማ፣ ጣና ዳር ነኝ፣ በጀልባ ወደ ድልድዩ ልሄድ ነበር፣ እና… ቆይ አንዴ። ጋሼ! «ማን ማን አለ?» ነው የምትለው! ምን ልበላት?

ይስማው፦ ያለውን።

ናርዶስ፦ አሥር ነን ብላትስ? ከመጣች በኋላ ሌሎቹን «ቀሩ» ብላት…

ይስማው፦ ናርዶስ።

ናርዶስ፦ … ሄሎ? አለሽ? ማንም የለም። እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ሰው አልጠራሁም፤ መጀመሪያ የደወልኩት ላንቺ ነው። ትመጫለሽ?

ይስማው፦ እህሳ?

ናርዶስ፦ ሳቀች።

ይስማው፦ ሳቀችብሽ?

ናርዶስ፦ ሽሽ ጋሼ… «ጫማዬን እያሰርኩ ነው» አለች።