የእናቴ ዳሌና የጂንካው ራጅ

እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ አዲስ አበባ የብረት መገጣጠሚያ ተተክቶላት ለዓመታት ደህና ስትሄድ ኖረች። ኋላ ላይ ግን ጭኗን ያማት ጀመር፤ ስትራመድም ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። እንታከም ስላት፣ «ተዪኝ ልጄ፣ እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» ትለኛለች። ካኮ ገበያ መውጣቷንም ተወችው። በመጨረሻ ከተቀመጠችበት መነሳት ሲያቅታት ለምኜ ጂንካ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየን። «እማማ፣ ብረቱ ከአጥንቱ ላይ ላልቷል። የሚያምዎት እሱ ነው፤ ሲቆይ ያጋጥማል። አዲስ አበባ ሄደው ይለወጥልዎታል» አላት። እናቴ ራጁን ትኩር ብላ አየች። እንደገና ቀዶ ሕክምና ማድረጓ አስፈርቷት ነው ብዬ እጇን ያዝኩ። እሷ ግን ፊቷ በርቶ፣ «እንግዲያው ያረጀው ብረቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ማለት ነው?» አለችው። ሐኪሙ ሳቀ፤ የእኔ ግን እንባዬ መጣ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ መጨረሻዋ የቀረበ መስሏት ኖሯል።

ቀዶ ሕክምናው ቀላል አልነበረም፤ በክራንች ወራት ታግላለች። ባለፈው ሐሙስ ግን አብረን ወደ ጂንካ ስንሄድ አውቶቡሱ ቀይ አፈር ከተማ ገበያው አጠገብ ቆመና ምርኩዟን ይዛ ወረደች። ሹፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ ገና ከማር ሻጯ ጋር ዋጋ ትከራከራለች።

«እህቴ፣ እናትሽን ጥሪያት እንጂ» አለኝ።

«ትንሽ ታገሳት» አልኩት፤ «ገበያ ከወጣች ቆይታለች።»