ከፋሲካ ወዲህ እምቢ ያለው ምላጭ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጠመንጃ የሌለው ሰው ገብስ የሚዘራው ለዝንጀሮ ነበር። እኛ ያለነው ከፍላቂት በላይ ደጋው ላይ ነው፤ ጭላዳው በማለዳ ከገደሉ ይወጣና በመንጋ ማሳው ላይ ይሰፍራል፣ አንዴ ወደ ሰማይ ከተተኮሰ ግን ለሳምንት አይደርስም። ታዲያ ባለቤቴ ሞገስ ከአባቱ የወረሰው፣ እጀታው ወደ ኋላ እየተሳበ ጥይት የሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ ነበረው፣ እና በሁዳዴ መሃል የምላጩ ሞላ ተሰበረ። ፍላቂት ላይ አያ እንድሪስ የሚባል ጠመንጃ የሚያድስ ሰው ነበር። ከሌላ አሮጌ ጠመንጃ ሞላና ምላጭ አውጥቶ፣ ሞርዶ ሞርዶ ገጠመለት፣ እና ሠራ፤ ሁዳዴው እስኪያልቅ ሲያስተጋባ ከረመ።

ፋሲካን አሳልፈን የበልጉ ገብስ ሊያሽት ሲል፣ ሞገስ በማለዳ ምላጩን ቢስበው ጭጭ። ተስቦ እዚያው ይቀራል፣ አይመለስም፤ ጭላዳው ደግሞ እያየው ይበላል። ፍላቂት ይዞት ወረደ፣ እና አያ እንድሪስ ፍሙ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቢሞክረው፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ምንም የለበትም። በማግስቱ ማለዳ እንደገና ጭጭ። ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፣ በሁለተኛው ተናዶ ገበያ መሃል ቆመና፣ የበሰበሰ ዕቃ ነው የገጠመልኝ፣ የዚህን ሰው እጅ እንዳታምኑ አለ። ታዲያ የዚያ ሰውዬ እንጀራ ስሙ አይደለም? ከዚያ ቀን ወዲህ ደጁ ጭር አለ።

በሦስተኛው እኔም ተከተልኩት፣ ሰው ይጣላል ብዬ፣ መንገዱን ሁሉ እመብርሃንን እየለመንኩ። ሞገስ ገና ከደጅ መጮህ ጀመረ። አያ እንድሪስ ግን አዳምጦት ሲያበቃ፣ እምቢ ያለው ከመቼ ጀምሮ ነው አለው።

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«በጾሙስ?»

«በጾሙማ ደህና ነበር።»

ምላጩን ፈታና ጣቱን ወደ ውስጥ ሰዶ አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ ያየው እኔን ነው።

«እታለም፣ ይሄ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

ፊቴ ጋለ። እናቴ ጠመንጃ የሚወለወለው በቅቤ ነው ብላ ነው ያሳየችኝ፣ እና እኔም እንደሷ ነበር የማደርገው፤ በጾም ግን ቅቤ በእጄም ስለማልነካ በዘይት እወለውለዋለሁ። ቅቤው ፍም አጠገብ ይቀልጣል፣ በማለዳው ውርጭ ደግሞ ይረጋና ምላጩን ይይዘዋል፤ የድሮው ምላጭ ላላ ስለሚል ችሎት ኖሯል፣ አዲሱ ግን ጥብቅ ብሎ ነው የተገጠመው። እኔ እኮ ሞገስ በተማረረ ቁጥር፣ ይለስልስለት ብዬ እጨምርበት ነበር!

«ቅቤ ነው፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

አያ እንድሪስ እስኪያነባ ሳቀ። «እኔ እስላም ነኝ፣ የናንተን ጾም አላውቅበትም፤ ይሄ ጠመንጃ ግን ዓመቱን ሙሉ ቢጾም ይሻለዋል» አለ፣ እና በነጭ ጋዝ አጥቦ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቀባው። በማግስቱ ማለዳ ተኩሱ ጋራውን ሲሞላው ጭላዳው ተንጋግቶ ወደ ገደሉ ገባ፣ ገብሳችንም ተረፈ።

ሞገስ ታዲያ፣ ስሙን ያጠፋሁት ገበያ ላይ ነው፣ የምመልሰውም ገበያ ላይ ነው አለ። አለና በገበያ ቀን እዚያው ቆሞ፣ «የአያ እንድሪስ እጅ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የሚስቴ ቅቤ ነው» ብሎ ለሕዝቡ ሁሉ ተናገረ። የሰውየው ደጅ እንደገና በሰው ሞላ። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ፣ ቅቤ ልገዛ ወደ ሴቶቹ ጠጋ ስል፣ «እትዬ፣ ለወጥ ነው ወይስ ለጠመንጃ?» ይሉኛል።