«ውሃ» ብዬ የጻፍሁት

— ሄሎ! ... ሄሎ፣ ወረታ ነው! ... አዛናው ነህ? እኔ ነኝ፣ ትሁን! ... እህትህ ትሁን ነኛ፣ ስንት ትሁን አለህ? ... ወንድምዓለም፣ ትሰማኛለህ? ጮክ በል፣ ድምፅህ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

— ኧረ ማንም አልሞተም! ... አልሞተም አልሁህ። አባየ ናቸው፣ አሟቸው። ... ምናቸውን? ... ያንን ነዋ... ውሃውን። ... የርብን ውሃ አይደለም! ርብማ ከጎደለ ወር አልፎታል፣ ሜዳው ላይ ጓያ በቅሏል።

— ቆይ አንዴ... ጋሽ አንለይ፣ ስልከኛው እርስዎ ቢሆኑም፣ እባክዎ ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩልኝ። ... ስልኩማ የመንግሥት ነው፣ ወሬው ግን የቤታችን ነው!

— ሄሎ? አለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምለው፣ ስማ፤ ሽንት። ... ሽታ አይደለም! ... ሽምብራም አይደለም! ... ሽንት! ሽንት እምቢ አላቸው! ... እናንተ ወረፋ ጠባቂዎች ምን ያስገለፍጣችኋል? የናንተ አባቶች ሜዳ አይወጡም?

— ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ጠብ አልል አለ። ዛሬ የዚህ ክሊኒክ ድሬሰር በቀጭን ጎማ አወጣላቸው። «ፊኛው አፍ ላይ ያለው እጢ አብጧል፣ ተመልሶ ይዘጋል፤ ዛሬውኑ ጎንደር ይሂዱ» አለ። ... እሳቸው ግን እምቢ! ... እዚሁ ናቸው፣ ከመስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የጎንደሩ አውቶቡስ ሰው እየጫነ ነው፣ እሳቸው «ቦይ ቅደዱለት ወዳለኝ ልጅ አልሄድም» ይላሉ።

— አዎ፣ ያንተ መልስ! «ውሃው ካስቸገረ ቦይ ቅደዱለት፣ እምቢ ካለም በቅል ጨልፉት» ብለህ አልጻፍህም? ... አውቃለሁ፣ ለእርሻው ነው። ... እኮ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በሐምሌ አባየ «ውሃ ሽንት አስቸግሮኛል ብለሽ ጻፊለት» ሲሉኝ፣ እኔ «ውሃ» ብዬ አቆምሁ። ... ለምንማ! ደብዳቤህን ጓደኞችህ እየተቀባበሉ ያነቡታል፣ አፈርሁ። አራተኛ ክፍል የደረስሁ ልጅ፣ የአባቴን ሽንት በቀለም ልጽፍ?

— ገብቶኝ ነበር። መልስህን ሳነብላቸው ያን ጊዜውኑ ገባኝ፤ ሳቄም አመለጠኝ። ሁለታችንም ያሾፍንባቸው መሰላቸው። ... ብናገርማ የተውሁት ቃል ይወጣብኛል። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ወር ሆነ።

— ዝም ብለንስ አልተቀመጥንም። መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ከጣራ ገዳም ጫካ የጥቁር እንጨት ቅርፊት አምጥተው፣ ወቅጠው፣ ቀቅለው፣ በየጠዋቱ አንድ ዋንጫ አጠጧቸው። ... አትሳቅ፣ አሻላቸው እኮ! ቅዳሴ ሳያልቅ ሦስቴ ይወጡ የነበሩት ሰው፣ የመስቀል ዕለት አንዴም ሳይወጡ አስቀደሱ። ... መሪጌታንም አትውቀሳቸው። «ይህ ያቀልላል እንጂ ደጅ አይከፍትም፤ የጠበበ ዕለት ወደ ሐኪም ሩጡ» ብለውን ነበር። እኔ ነኝ እሰይ ብዬ የተኛሁ፤ ከዳኑ ደብዳቤውን ማን ያነሣዋል ብዬ። ቅርፊቱ ምን አጠፋ? ተደበቅሁበት እንጂ።

— ቅርፊቱን ይዘው ይምጡ? ሐኪሙ ምን እንደጠጡ ይየው? ... እሺ፣ ከረጢቱ እጃቸው ላይ ነው። ግን ካልተነሡ ማን ያመጣዋል?

— እኔ ልንገራቸው? ... አሁን? ... ይህ ሁሉ ሰው ባለበት? ... አንተው ንገራቸው፣ ስልኩን በመስኮት ላቀብላቸው። ... ኧረ ገመዱ አይደርስም። ... እሺ! እሺ አልሁ፣ አትቆጣ።

— አባየ! ... አባየ፣ አዛናው አላሾፈብዎትም! ያሉኝን አልጻፍሁም። «ውሃ» ብቻ ብዬ፣ «ሽንት»ን ያስቀረሁት እኔ ነኝ! እሱ የርብ ሙላት መስሎት ነው! ... አውቅ ነበር አባየ። ሦስት ወር ሙሉ አውቅ ነበር።

— ሄሎ? ... አለሁ። ... መሬት መሬት ያያሉ። ... ሹፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል፣ እሱ ነው የምትሰማው። ... ቆይ! ተነሡ። ... ወዴት እንደሆነ እንጃ... ወደ አውቶቡሱ! ወንድምዓለም፣ ወደ አውቶቡሱ ናቸው! ... ቆም ብለው አንድ ነገር አሉ። ጋሽ አንለይ፣ ምን አሉ? ...

— «ሦስት ወር በጸሎቴ ስሙን ዘልየዋለሁ፣ ይቅር ይበለኝ በሉት» አሉ። ... ሄሎ? ... ወንድምዓለም፣ ታለቅሳለህ እንዴ?

— እኔን? ... እኔንማ ምንም አላሉኝ። ተከትዬ ልሂድ ብዬ ስጣራ በእጃቸው «ቅሪ» አሉኝ። ... አውቶቡሱ ተነሣ። በመስኮት ያዩኝ ይሆን ብዬ ነበር...

— መናኸሪያው በር ላይ ጠብቃቸው። እጃቸውን ያዝ፣ ደረጃው ከፍ ይላል። ... ደግሞ ወንድምዓለም... ዛሬ እንኳ ባይሆን፣ ሲሻላቸው... ስሜን አንሣላቸው። ... ስሜን! ... ሄሎ? ... ጋሽ አንለይ፣ መስመሩ ጸጥ አለ እኮ... ሄሎ?